ድርና ማግ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የመስታወት ፋይበር ዘንግ መጎተት እንችላለን ወይ?

መነሻ ጽሑፍ። ይህን የመድረክ ውይይት የከፈትሁት እኔ ነኝ። ዘግይተው ለሚገቡ አባላት የተባለውን በየተራው መተረክ የፈለግሁት ይዤ የገባሁት አቋም እስከ መጨረሻው አብሮኝ ስላልዘለቀ፣ አቋሜን ያስለወጡኝን ሰዎች ውለታ መደበቅም ነውር ስለመሰለኝ ነው። ነገሩ የተጀመረው አንድ ወዳጄ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመስታወት ፋይበር ዘንግ አምጥቶ ኮምቦልቻ ባለችው የብየዳ ቤቴ ትቶልኝ በሄደ ጊዜ ነው። በውፍረትም በርዝመትም እኩል የሆነ ፌሮ ቆርጬ ሁለቱን ብመዝናቸው የዘንጉ ክብደት የፌሮውን ሩብ ያህል ብቻ ሆነ። አብሮት የመጣው ወረቀት እንደሚለው ደግሞ በርዝመቱ ሲጎተት የሚችለው ኃይል ከተለመደው ፌሮ ይበልጣል፤ ዝገትም አያውቀውም። እኔም በዚያው ምሽት ዘንጉ የሚሠራበት ፑልትሩዥን የተባለው ዘዴ ከአቅማችን በላይ እንዳልሆነ፣ ኮምቦልቻ የክርም የብረትም ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ያሉባት ከተማ በመሆኗ እንደምትመች፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች አርማታ የሚሆን ፌሮ ከመስታወት ብንሠራ ከብረቱ እንደሚሻል ጻፍሁና የጎደለን ምን እንደሆነ ጠየቅሁ።

ምላሽ 1 ከሐይቅ ከተማ የሚጽፍ አባል ነበር። ከሰላምታና ከምርቃት በኋላ፣ ስሙ እንኳ ለአፍ የከበደውን ይህን ነገር በሚገባ አማርኛ እንዳስረዳው በትሕትና ለመነኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ዘንጉን አወደስሁ እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አንድም ቃል አልጻፍሁም ነበርና።

ስለዚህ ምላሽ 2 የእኔ ሆነ። ፑልትሩዥን ገፍቶ ሳይሆን ጎትቶ መቅረጽ መሆኑን በመግለጽ ጀመርሁ። የፕላስቲክ ቱቦ ሲሠራ ቁሱ ከኋላ እየተገፋ በቅርጽ ማውጫው ቀዳዳ ይወጣል፤ እዚህ ግን ኃይሉ ያለው ከፊት ነው፣ የሚጎተተውም ክሩ ነው። ሮቪንግ የሚባለው ያልተፈተለ የመስታወት ክር መደርደሪያ ላይ ከተቀመጡ ብዙ ጥቅሎች ይመጣል፤ ቀዳዳ ባለው ሰሌዳ ውስጥ እያለፈ መስመሩን ይይዛል፣ ሬዚን የተባለ፣ ሲጠነክር ክሮቹን የሚያያይዝ ፈሳሽ ባለበት ገንዳ ውስጥ ይነከራል፣ ትርፉ ይጨመቅለታል፣ ከዚያም ወደሚፈለገው ቅርጽ እየተሰበሰበ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ወዳለው ዳይ ወደተባለ የጋለ የብረት ቅርጽ ማውጫ ይገባል። በአንዱ ጫፍ እርጥብ የክር ነዶ ሆኖ ገብቶ በሌላው ጫፍ ጠንካራ ዘንግ ሆኖ ይወጣል። ጥቂት ሜትር በአየር ላይ ተጉዞ ከቀዘቀዘ በኋላ ሁለት መያዣዎች፣ ሰው ከጉድጓድ ውኃ በገመድ ሲስብ እጆቹን እንደሚያፈራርቅ፣ እየተፈራረቁ ሳያቋርጡ ይስቡታል፤ መጋዙም ከዘንጉ ጋር አብሮ እየተጓዘ በልኩ ይቆርጠዋል። ለተራ ቅርጾች ፍጥነቱ በደቂቃ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሲስፋፋ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ብራንት ጎልድስዎርዚ መሆኑንም ጠቀስሁ። በዚህ ምላሽ ሁለት ስሕተት ጽፌአለሁ፤ ሬዚኑ ዳዩ ውስጥ ይደርቃል ማለቴና ዳዩ ከአፉ እስከ መውጫው እኩል 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ይግላል ማለቴ። እርማቱ በቦታው ይመጣል።

ምላሽ 3 ደሴ ውስጥ የግንባታ ተቆጣጣሪ የሆነች ኢንጂነር እኅታችን የጻፈችው ነበር። በጨዋነት ጀምራ፣ የዘንጉ ጥንካሬ ሐሰት እንዳልሆነ ተቀብላ፣ ነገር ግን ጥንካሬና ግትርነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስታወሰችኝ። አንድ ዘንግ እስኪበጠስ የሚሸከመው ጭነት ሌላ፣ ጭነት ሲያርፍበት የሚለጠጠው መጠን ሌላ ነው። የብረት ግትርነት ጊጋፓስካል በተባለው መለኪያ 200 ሲሆን የመስታወት ፋይበር ፌሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ጊጋፓስካል ብቻ ነው፤ ስለዚህ በእኩል ውፍረትና በእኩል ጭነት አራት እጥፍ ያህል ይለጠጣል፣ የተሸከመው ሶሌታም (የወለል ወይም የጣሪያ አርማታ) ይበልጥ ይረግባል፣ ስንጥቁም ይሰፋል። ከዚህ የተነሣ የመስታወት ፌሮ የሚገባበት አርማታ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በመበጠሻው ጉልበት ሳይሆን በመርገቡና በስንጥቁ ልክ ነው። ሁለተኛው ነጥቧ የእጅ ሥራን የሚመለከት ነበር፦ ፌሮ ሠራተኛው ሳይት ላይ ብረቱን አጥፎ ስታፋ፣ ማለትም ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን አቅፎ የሚይዝ ቀለበት፣ ያወጣል፤ የጠነከረ የመስታወት ዘንግ ግን አይታጠፍም፣ ቢታጠፍ ይሰበራል። ስታፋው ሬዚኑ ሳይጠነክር ፋብሪካ ውስጥ መታጠፍ አለበት፤ ያኔም ቢሆን በማጠፊያው ላይ ጉልበቱ በብዙ ይቀንሳል።

ምላሽ 4 ለእኔ የወገነ ነበር። ጸሐፊው ካናዳን ጠቅሶ፣ በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚበተንባቸው ድልድዮች ላይ የመስታወት ፌሮ ለዓመታት ሲያገለግል መቆየቱን፣ ማግኔት የማይስበው በመሆኑ በሐኪም ቤት የኤምአርአይ ክፍሎች እንደሚመረጥ፣ የዋሻ መቆፈሪያ መሣሪያ በኋላ ቆርጦት እንዲያልፍ በሚፈለግ ግድግዳ ውስጥም ሆን ተብሎ እንደሚገባ ገለጸ። እውነት ነው፤ ሆኖም የቆጠራቸው ቦታዎች ሁሉ ብረት የሚያስቸግርባቸው ልዩ ቦታዎች መሆናቸውን እኔም ያኔ አላስተዋልሁም።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ምላሽ 5 ነው። የጻፉት ከክር ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ በድር ማዘጋጃ ክፍል ረጅም ዘመን የሠሩ አባት ናቸው። እኔ መደርደሪያ ብዬ ያለፍሁትን ነገር እርሳቸው ክሪል ብለው በስሙ ጠርተው፣ የሥራው ግማሽ እዚያ ላይ እንደሚወሰን አብራሩ። መቶዎች ክሮች በእኩል ውጥረት ካልመጡ የላላው ክር ጭነቱን አይካፈልም፤ የተወጠረው ብቻውን ይሸከምና ቀድሞ ይበጠሳል። ይህ ለጥጥ ድር እውነት ከሆነ ለመስታወትማ ይበልጥ እውነት ነው አሉ፤ ጥጥ ትንሽ ይሳባል፣ መስታወት ግን ይቅርታ የለውም። ክሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የሸክላ ቀለበት ሊገባለት እንደሚገባ፣ መስታወት ብረቱን እየሞረደ ቀዳዳውን ሞላላ እንደሚያደርገው፣ የተቋጠረ ክር ወደ ዳይ ከገባም ቋጠሮው አፉ ላይ ተቀርቅሮ ከኋላው የሚመጣውን ሁሉ እንደሚያግድ አስጠነቀቁ። ጥቅሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲሳብ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጥምዝ እንደሚጨምር፣ ከውጭ እየተሽከረከረ ሲሳብ ግን እንደማይጠመዝዝ ለይተው ያስረዱበት ክፍል ለእኔ አዲስ ነበር።

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። ምላሽ 6 አጭርና ቁጡ ነበር፦ ተንቀሳቃሽ ምስል ያየ ሁሉ ፋብሪካ እንደሚከፍት፣ ሮቪንጉም ሬዚኑም ሆነ ማነሣሻ ኬሚካሉ ከውጭ በዶላር እስከመጣ ድረስ እኛ የምንሠራው ሰው የሠራውን መጎተት ብቻ መሆኑን ጻፈ። በምላሽ 7 መለስሁለት፤ መልሴ ሻካራ ነበርና አሁን ሳነበው ደስ አይለኝም። ፌሮውም የሚሳብበት ብረት በአብዛኛው ከውጭ እንደሚገባ ማስታወስ ተገቢ ነበር፤ የሰውየውን ትምህርት መንካት ግን ተገቢ አልነበረም። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ሆኖም የእርሱ ቁጣ ጥሩ ነገር ወለደ። ምላሽ 8 የጻፈው የከርሰ ምድር ሙያ ያለው ወጣት፣ ጦሳን ጨምሮ ደሴን የከበቡት ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት በተባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠሩ መሆናቸውን፣ ከቀለጠ ባዛልት የሚሳብ ፋይበርም በዓለም ላይ እንዳለና ከመስታወቱ ጥቂት የበለጠ ግትር እንደሆነ ነገረን። በግንባታው ዓለም ከባዛልት ፋይበር የሚጎተት ዘንግ እንግዳ አይደለም። መድረኩ ተሟሟቀ፤ ምላሽ 9 ስለ ድንጋይ ካባዎች፣ ስለ ኮብልስቶንና ከጦሳ ስለሚወርድ ናዳ የሚያወራ ሆነና ከጉዳያችን ወጣ። የምላሽ 8 ጸሐፊ ራሱ ግን በታማኝነት ወሰኑን አስምሯል፤ ድንጋዩ 1,450 ዲግሪ ገደማ ላይ መቅለጥ አለበት፣ ክሩ የሚወጣበት ባለ ብዙ ቀዳዳ ሳህን ከፕላቲኒየምና ከሮድየም ቅይጥ የሚሠራ ነው፣ የድንጋዩ ቅመምም ከጭነት ጭነት ከተለዋወጠ ክሩ እየደጋገመ ይበጠሳል። አንድ አባል በመሐል ቃጫን ሐሳብ አድርጎ አቀረበ፤ ቃጫ ውኃ እንደሚጠጣና ለመርዘም መፈተል ስላለበት የሚጠማዘዝ መሆኑ ተነግሮት ተስማማ።

ምላሽ 10 የመብራት ጉዳይ ነበር። ጸሐፊው ስሙን ባልጠቀሰው ፋብሪካ ውስጥ በእንዲህ ያለ መስመር ላይ የሠራ ቴክኒሻን ነው፤ የነገረን የራሱን መከራ ነው። ሥራው በተጧጧፈበት ሰዓት መብራት ጠፋ፤ መጎተቻው ቆመ፣ ዳዩ ግን እንደጋለ ነበር። ውስጡ ያለው ሬዚን የተጠራቀመውን ሙቀት እየጠጣ ዳዩ ውስጥ እንዳለ ጠነከረ፤ ወደ አፉ ቀርቦ ገና መልክ ያልያዘውም ጭምር ደንድኖ ከብረቱ ግድግዳ ጋር ተጣበቀ። መብራት ሲመለስ መጎተቻው ሲስብ ዘንጉ ተበጣጠሰ እንጂ አልተነቃነቀም። ዳዩን ፈትተው በክሪክ እየገፉ፣ በነሐስ ዘንግ እየመቱ ለማጽዳት ሁለት ቀን ፈጀባቸው፤ በክሮም የተለበጠው ውስጡም ተጭሮ ስለቀረ ከዚያ ወዲያ የወጣ ዘንግ ሁሉ ጭረት ይዞ ይወጣ ነበር። ምክሩ ግልጽ ነው፦ ማሞቂያው በጄኔሬተር ባይያዝ እንኳ መጎተቻው ቢያንስ ዳዩ ውስጥ ያለውን ርዝመት አውጥቶ እስኪጨርስ የሚስብበት ባትሪ ወይም የእጅ ማዞሪያ ሊኖረው ይገባል። እኔ በበኩሌ ከውይይቱ ሁሉ በገንዘብ ሊተመን የሚችል ጥቅም የሰጠኝ ይህ ምላሽ ነው እላለሁ።

ምላሽ 11 የጻፉልን የኬሚስትሪ መምህር ናቸው። እርማታቸው ረጋ ያለ፣ ግን ምንም የማያልፍ ነበር። ሬዚን አይደርቅም አሉ፤ ቀለም ሲደርቅ ማቅጠኛው ይተናል፣ ፖሊስተር ሬዚን ሲጠነክር ግን በውስጡ ያለው ስታይሪን የተባለ ማቅጠኛ ራሱ ከፖሊስተሩ ጋር በሰንሰለት ይተሳሰራል፣ ይህ ትስስርም የራሱን ሙቀት ያመነጫል። ስለዚህ ወፍራም ዘንግ ላይ እምብርቱ ከዳዩ ራሱ ይበልጥ ሊግል ይችላል፤ ችኮላ ካለበትም ከውጭ የማይታይ ስንጥቅ ውስጡ ይቀራል። የዳዩ አፍ ግን መቀዝቀዝ አለበት፤ አለዚያ ሬዚኑ ገና ከመግባቱ በር ላይ ይረጋል። ሙቀቱ በክፍል በክፍል፣ ለምሳሌ ከ100 ተነሥቶ እስከ 150 ዲግሪ እየጨመረ መሄድ ይኖርበታል። ቀጥለውም አስደናቂ ነገር ገለጡ፤ ፖሊስተር ሲጠነክር መጠኑ ከመቶ 5 እስከ 8 ያህል ስለሚኮማተር ዘንጉ በራሱ ጊዜ ከዳዩ ግድግዳ ይላቀቃል፣ መጎተት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ኢፖክሲ የተባለው ሬዚን ግን የሚኮማተረው በጥቂቱ ስለሆነ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ልምድ ለሌለው ሰውም አይመከርም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የጥዋቱ ብርድም ሬዚኑን ያወፍረዋል፤ የወፈረ ሬዚን ክሩን በደንብ አያረጥብም፣ ስለዚህ ገንዳው ለብ ማለት እንዳለበት መከሩ። በሰፊው ያስጠነቀቁበት ግን ሌላ ነበር፦ በእጅ በሚለበጥ የፋይበር ሥራ የለመድነውን ማፋጠኛውን ኮባልትና ማጠንከሪያውን ፐርኦክሳይድ ማንም ሰው በቀጥታ እንዳይቀላቅል፣ ሁለቱ ሲገናኙ በኃይል እንደሚነዱና ሊፈነዱም እንደሚችሉ፣ ለፑልትሩዥን የሚሆነው ደግሞ በክፍል ሙቀት ተኝቶ በዳዩ ሙቀት ብቻ የሚነቃ የፐርኦክሳይድ ዓይነት እንደሆነ።

የመምህሩ ጽሑፍ ማብቂያ የእኔን ሐሳብ ከሥሩ የነቀነቀ ነበር። ኮንክሪት ውስጥ ያለው እርጥበት እጅግ አልካሊ ነው፤ ፒኤች መጠኑ ወደ 13 ይጠጋል። ተራው ኢ-ግላስ የተባለው መስታወት በዚህ ውስጥ ቀስ በቀስ ይበላል፣ ፖሊስተርም መከላከያ ሆኖ አያድነውም። ለአርማታ የሚሆን ዘንግ ቪኒል ኤስተር በተባለው ሬዚን ወይም በኢፖክሲ ይሠራል፤ መስታወቱም ቦሮን የሌለበትና መበላትን የሚቋቋመው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። እኔ ያሰብሁት ደግሞ የውኃ ታንከር የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ርካሹን ፖሊስተር ነበር።

በምላሽ 12 ኢንጂነሯ ተመለሰች፣ በዚህ ጊዜ ጨዋነቷ ሳይጓደል ቃሏ ጠነከረ። የጻፈችው ስለ ርዕደ መሬት ነው። የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ መሆኑን፣ በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ካራ ቆሬ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ማፍረሱን አስታወሰች። ብረት ሲጨናነቅ ይሳባል፣ ይጎብጣል፣ ግን ይይዛል፤ ቤቱ ይጣመማል፣ ሰው ግን ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። የመስታወት ዘንግ መሳብ የሚባል ደረጃ የለውም፤ እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ ቆይቶ በድንገት ይበጠሳል። የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው 440.11 የተባለ ኮድም ለዚህ ፌሮ ራሱን የቻለ ሥርዓት ቢያወጣለትም፣ ከፍ ያለ የርዕደ መሬት ስጋት ባለበት ቦታ ሕንፃውን አቅፎ የሚይዘው አጽም ውስጥ እንዲገባ አይፈቅድም። እኅታችን ስታበቃ፣ የሰው ቤት ላይ ሙከራ እንደማይደረግና ይህን ቃል የጻፈ ሰው ኃላፊነቱን እንዲያስብበት በግልጽ ተናገረች። ያ ሰው እኔ ነበርሁ። ምላሽ 13 ከዚያው ከካራ ቆሬ አካባቢ የተወለደ አባል ሲሆን፣ ቤተሰቡ ያን ጊዜ ለሳምንታት ሜዳ ላይ ማደሩን ከእናቱ እንደሰማ ብቻ ጽፎ ወጣ። ከእርሱ በኋላ ለአንድ ቀን ሙሉ ማንም አልጻፈም።

ምላሽ 14 ላይ ተሸነፍሁ ማለት አልከበደኝም። የቤት ፌሮ የሚለውን ሐሳብ እንደተውሁት ጻፍሁ፤ ዘዴውን ግን አልተውሁትም። ምላሽ 15 ይህን እንደ መንሸራተት ቆጥሮ፣ ቀድሜ ሳላጠና መድረክ ማስጨነቄን ተቸ። ትችቱ ሳይመለስ ቀረ፣ ምክንያቱም ምላሽ 16 ሁላችንንም ወደ ሌላ መንገድ ወሰደን።

ጸሐፊው እኒያው የድር ሠሪው አባት ነበሩ። ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ናት፤ የእኔ ዘንግ ድር እንዳለው አይተዋል፣ ማጉ የት አለ? ሸማ ድር ብቻ ሆኖ ሸማ አይባልም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፣ አንበሳው ግን ክሩን በርዝመቱ ሳይሆን በጎኑ ቢገነጥለው ማን ይይዘዋል ብለው ጠየቁ። መልሱን በቃል ልሰጣቸው አልወደድሁም። የቀረኝን የዘንጉን ቁራጭ ሞርሳ ውስጥ በጎኑ አስገብቼ አጠበቅሁት፤ ብዙም ሳልገፋ ከጫፍ እስከ ጫፍ በርዝመቱ እንደ ሸንበቆ ተሰነጠቀ። ሌላውን ቁራጭ ጫፉ አጠገብ በትራፓኖ በስቼ ብሎን አስገብቼ ስስበው፣ ብሎኑ ዘንጉን ከቀዳዳው እስከ ጫፉ ተርትሮት ወጣ። ይህንን ምላሽ 17 አድርጌ ከነፎቶው አቀረብሁት። ያ ሁሉ ጉልበት ያለው በክሩ መስመር ላይ ብቻ ነው፤ በአግድሙ የሚይዘው ሬዚኑ ነው፣ ሬዚን ደግሞ በራሱ ደካማ ነው።

መምህሩ በምላሽ 18 ማጉ ከየት እንደሚመጣ ነገሩን። ለመሰላል፣ ለመወጣጫ፣ ለአንግልና ለቱቦላሬ መሳይ ቅርጾች የሚጎተተው ሮቪንግ ብቻ አይደለም፤ ክሮቹ በየአቅጣጫው የተበተኑበት ማት የተባለ ምንጣፍ መሰል ጥቅል ከላይና ከታች እየተጨመረ አብሮ ይገባል፣ በአግድሙም የሚይዘው እርሱ ነው። ያኔም ቢሆን ድሩ ማጉን ይበልጠዋል፤ ኢኤን 13706 የተባለው የአውሮፓ መለኪያ ለከፍተኛው ደረጃ በርዝመቱ 23፣ በአግድሙ ግን 7 ጊጋፓስካል ግትርነት ነው የሚጠይቀው። በላዩ ላይ ስስ ጨርቅ ይደረብና ሬዚን የበዛበት ገጽ ይሰጠዋል። ይህ ለእኛ አገር ዋና ነገር ነው፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ይበረታል፣ ሽፋን የሌለው ዘንግም ጥቂት ዓመት ደጅ ከዋለ ሬዚኑ ተልጦ ክሩ ይገለጥና እጅ ይወጋል።

ከዚህ በኋላ ምን እንሥራ የሚለው ጥያቄ በራሱ መልስ አገኘ። ምላሽ 19 የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የአሉሚኒየም መሰላል ሽቦ ሲነካ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ስለሆነ፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መሰላል ካገኘ ሌላ ምንም እንደማይጠይቅ ጻፈ። እኔም ለዓመታት በጥገና የሠራሁበትን የማቅለሚያ ክፍል አስታወስሁ፤ ጨውና እንፋሎት በአንድነት የሚያርፍበት የብረት መረማመጃ ቀለም ቢቀባም በየጊዜው እየተበላ እንደገና የምበይደው እኔ ነበርሁ። ዝገት የማያውቅ ነገር በትክክል የሚያስፈልገው እዚያ ነው፤ ሰው የሚረግጠው መረማመጃ ግን ድር ብቻ ሊሆን አይችልም። እዚህ ላይ ምላሽ 20 እሳትን አነሣ። ፖሊስተር እንደሚነድና ጥቁር ጭስ እንደሚያወጣ፣ አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ የተባለውን ዱቄት ከሬዚኑ ጋር መቀላቀል ነበልባሉን እንደሚገታ፣ ዘንጉ ሳይነድም እንኳ ሬዚኑ ከ100 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሞቅ እየለሰለሰ ግትርነቱን እንደሚያጣ ተባለ። ስለዚህ እንፋሎት በቀጥታ የሚነፋበት ቦታ ላይ ይህ መረማመጃ አይገባም።

ምላሽ 21 የጻፈችው የፋይበር ታንከር ሥራ ላይ የቆየች እኅት ናት፤ ወንዶቹ ያለፉትን ነገር ያነሣችው እርሷ ብቻ ናት። የመስታወት ብናኝ በአንገትና በክንድ ላይ እንዴት እንደሚያሳክክ፣ የሥራ ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር እንደማይታጠብ፣ የስታይሪን ሽታ ራስ ማዞር ሲጀምር አየሩ ቀድሞ እንደተበላሸ፣ ደረቅ ቆረጣ በግራይንደር ከመሆን ውኃ እየፈሰሰበት ቢሆን ብናኙ እንደማይነሣ ጻፈች። የሬዚን ገንዳ ክፍት ሆኖ የሚውልበት መስመር ክዳንና ሳቢ ማራገቢያ ሳይኖረው መጀመር የለበትም ብላለች። እኔ በበኩሌ ይህ ሳይሟላ አንድ ሜትር እንኳ እንደማልጎትት ቃል ገብቻለሁ።

ምላሽ 22 እና 23 በዋጋ ላይ የተደረጉ የቃል ልውውጦች ናቸው። አንዱ ስሌት ሳይቀርብ ወሬ ነው አለ፣ ሌላው ስሌት ሳይሞከር አይወጣም አለ፤ ከዚያ ስለ ባቡሩ ሐዲድ፣ ስለ ጅቡቲ መንገድና ስለ ጭነት ዋጋ ተነጋግረው ተለያዩ።

የዋጋው ነገር እውነት ስለነበረው በምላሽ 24 ትንሽ ሙከራ አቀድሁ፦ 10 ሚሊ ሜትር ክብ ዘንግ፣ ለችግኝ መደገፊያና ለመሣሪያ እጀታ የሚሆን፣ ማንም ሰው ሕይወቱን የማይጥልበት። ቶርኖ ላይ የሚወጣ አንድ ሜትር ዳይ፣ ሦስት የማሞቂያ ክፍል፣ በእጅም በሞተርም የሚዞር መጎተቻ። በደቂቃ 30 ሳንቲ ሜትር ብንስብ ክሩ ዳዩ ውስጥ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይቆያል። ስንት ሮቪንግ እንደሚያስፈልግም አሰላሁ። የዘንጉ ስፋት 78.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ የ4,800 ቴክስ ሮቪንግ መስታወቱ ብቻ 1.88 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ አካፍዬ 42 ሮቪንግ ብዬ ጻፍሁ።

በምላሽ 25 እኒያ አባት አረሙኝ። ቴክስ ማለት የ1,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም መሆኑን ለሌሎች ካስረዱ በኋላ፣ የእኔ ስሌት ቀዳዳውን በሙሉ በመስታወት እንደሞላው፣ ሬዚኑ የሚተኛበት ቦታ እንዳልተውሁለት፣ እንዲህ ቢጀመር ዳዩ አፍ ላይ እንደሚታነቅ አሳዩ። መስታወቱ ከስፋቱ ከመቶ 55 ቢይዝ 43 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፣ ያም 23 ሮቪንግ ነው። መምህሩ በምላሽ 26 ቁጥሩን አጸኑት፦ በሜትር 110 ግራም መስታወትና 42 ግራም ሬዚን፣ በድምሩ 152 ግራም፤ የብረቱ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ 617 ግራም ነው። መጀመሪያ በሚዛን ያየሁት ሩብ ከዚህ ጋር ገጠመ።

እስካሁን የመጨረሻው ምላሽ 27 ነው። አባታችን ቤታቸው ጓሮ 24 ክር የሚይዝ አሮጌ የክሪል ፍሬም እንዳላቸው፣ በነጻ እንደሚሰጡን ጽፈዋል። ነገር ግን ችካሎቹ የተሠሩት ሁለት ኪሎ ለማይሞላ የጥጥ ክር ጥቅል ነው፤ አንድ የሮቪንግ ጥቅል ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ችካሎቹ ተቆርጠው በአንግል ብረት መደርደሪያ መተካት አለባቸው። አንግሉ እኔ ዘንድ አለ፤ ፍሬሙን ቅዳሜ ጥዋት ሄጄ አመጣዋለሁ።